የአያቴ ሥዕልና የጃፓን ክርስቲያኖች

በስድስት ኪሎ በር ገብቶ ወደ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ገነተ ልዑልን በየቀኑ ያያል። ዳሩ ግን ደረጃውን ወጥቶ ሙዚየሙን አይቶ የሚመለሰው ስንቱ ነው? ጓደኞቼን ብጠይቅ አብዛኞቹ «ስመረቅ እገባለሁ» አሉኝ። ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በደጁ ስመላለስ ኖሬ የገባሁት በሦስተኛው ዓመቴ ነው። እርሱም ቢሆን ዕውቀት ፈልጌ ሳይሆን ዝናብ አሳዶኝ ነው።

ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት እንደ ነበረና በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ለትምህርት እንደ ተሰጠ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህም ጎብኚ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ነው። በዚያም ቀን አብረውኝ የገቡት ሰዎች በመታጠቢያ ቤቱ ደጅ ተጋፍተው ፎቶግራፍ ሲያነሡ ትቻቸው ወደ ሥዕላቱ ክፍል ወጣሁ። እነዚህን ሥዕላት በብዙ ድካም ካሰባሰቡት ሰዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲያችን የቤተ መጻሕፍት ሹም የነበረው የፖላንድ ተወላጅ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የጻፈው ትልቅ መጽሐፍም አለ።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። ከአንዲት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከተሣለች ምስለ ፍቁር ወልዳ ፊት ስደርስ እግሬ ቆመ። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች፤ ሁለቱን እጆቿን ከፊቷ አመሳቅላ የቀኟን ሁለት ጣቶች ወደ ታች ዘርግታለች፤ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች። ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ ቆመዋል።

ያቆመኝ መሐረቡ ነው። እኔ ይህን መሐረብ አውቀዋለሁ።

የማንኩሳ ልጅ ነኝ። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በጊቢያችን ስሟን ስጠራ ሁሉም «የቦጋለ መብራቱ አገር!» ይሉኛል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከእርሷ ነውና። እንዲያውም አንድ ጓደኛዬ ውድነሽ በጣሙ ዘመዴ መሆን አለመሆናቸውን በቁም ነገር ጠይቆኛል። የአያቴ ቤት ከከተማዋ ወጣ ብሎ በደጁ በርበሬ የሚሰጣበት፣ በጓሮው በቆሎ የሚዘራበት እንደ ማንኛውም የአገራችን ቤት ያለ ነው። አያቴ ከመነኰሱ ብዙ ጊዜ ስለ ሆናቸው መንደሩ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

በመደባቸው ራስጌ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ፣ ከፍኖተ ሰላም ገበያ የተገዛች አንዲት የወረቀት ሥዕል ተለጥፋለች። ጭስ አጥቁሯታል። በላይዋም ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ መጋረጃ አለ፤ ማታ ማታ እማሆይ መጋረጃውን ይገልጣሉ፣ ጧፍ ያበራሉ፣ እኔም የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አነብላቸዋለሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ሁሉን በቃላቸው ስለሚያውቁ አንዲት ፊደል ብዘል ያርሙኛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን «እማሆይ፣ መሐረቡ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለጎልጎታ ነዋ፤ እናት አይደለች? ቀድማ ይዛለች» አሉኝ። ሥዕሏን ሉቃስ ወንጌላዊው በዓይኑ አይቷት እንደ ሣላትም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው።

የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለክረምት ስገባ ከልብሴና ከመጻሕፍቴ ጋር አንድ ሌላ ዕቃ ይዤ ገባሁ፤ ዕውቀት የሚሉትን ማለቴ ነው። አንድ ማታ እማሆይ ለአንዲት እንግዳ የሉቃስን ነገር ሲያወሩ ሰማሁ። ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን፣ «እማሆይ፣ ይህ ሥዕል እኮ ሉቃስ የሣለው አይደለም። ከሮማ የመጣ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የነበሩት ኢየሱሳውያን፣ ካቶሊኮቹ፣ ናቸው ያመጡት። መሐረቡም የድሮ ነገሥታትና እቴጌዎች ለክብር የሚይዙት ጨርቅ ነው» አልሁ። እንግዳዪቱ አፏን ያዘች።

እማሆይ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ እሷ ናት ወይስ አይደለችም?» አሉኝ።

«እሱ የእምነት ጥያቄ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ታሪክ ነው» ብዬ መለስሁ። ይህን መልስ ከአንድ መጽሐፍ ያገኘሁት ስለ ነበር በጣም ኮርቼበት ነበር።

«ደግ» አሉ። በዚያ ማታ «ዛሬ ደክሞኛል፣ አታንብብ» አሉኝ። በማግስቱም አልጠሩኝም። ቀናት አለፉ፤ መጋረጃው እንደ ተዘጋ ነው። በኋላ ግን ከብት አስገብቼ ሳላስበው በጓሮ በኩል ብቅ ስል አየሁ፤ ጧፉ በርቷል፣ መጋረጃው ተገልጧል፣ እማሆይ በዝግታ ይደግማሉ። ኮቴዬን ሲሰሙ መጋረጃውን ጣል አድርገው ጧፉን እፍ አሉ። በሁለተኛውም ክረምት እንዲሁ ሆነ። አንዳችንም አላነሣነውም።

እንግዲህ በዚያች የሙዚየም ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳለሁ በአእምሮዬ የነበረው ይህ ነው። አንድ ሽማግሌ ጃፓናዊ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው ለብዙ ጊዜ ተመለከቱ፤ ቀጥለውም በዝግ ያለ እንግሊዝኛ፣ «እንዲህ ያለችውን እኛም እናውቃለን። መሬት ላይ አስተኝተን ረግጠናታል» አሉኝ።

ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አገራቸው ናጋሳኪ ነው። ክርስቲያን እንደ ሆኑ ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የናጋሳኪ ሰው ግን ይህን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ እንደሚያድግ ነገሩኝ። ዝናቡ ሲያባራ ተሰናብተውኝ ሄዱ፤ እኔም ማታውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ያነበብሁትን ላውጋችሁ። የውጭውንም የእኛንም የጥንት ዘመን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰው የነበረው ፍራንሲስ ዣቪዬር ከሕንድ ጎዋ ተነሥቶ ጃፓን ካጎሺማ የወረደው ኦገስት 15 ቀን 1549፣ ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት በሚያከብሩበት ዕለት ነው። ሃይማኖቱ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1583 ጆቫኒ ኒኮሎ የሚባል የኢጣልያ ተወላጅ ሠዓሊ ሄዶ ለአገሩ ወጣቶች የዘይት ቀለም አስተማረ። ነገር ግን የጃፓን ገዢዎች ከመስቀሉ በስተጀርባ የፖርቱጋልና የእስጳንያ መድፍ ታያቸው። በ1597 ሃያ ስድስት ክርስቲያኖች በናጋሳኪ ተሰቀሉ፤ በ1614 ሃይማኖቱ በመላው አገር ተከለከለ፤ ከሺማባራው ዓመፅ በኋላ በ1639 ፖርቱጋሎች ጨርሰው ተባረሩ።

የቀረውን ክርስቲያን ለመለየት የተገኘው ዘዴ ፉሚኤ ይባላል፤ ትርጉሙ የሚረገጥ ሥዕል ማለት ነው። ሕዝቡ በተራ እየተጠራ በክርስቶስ ወይም በማርያም ሥዕል ላይ ይቆማል፤ እምቢ ያለ ይያዛል። መጀመሪያ የሚረገጠው ከክርስቲያኖች የተቀማ ሥዕልና ሜዳሊያ ነበር፤ እርሱ እየተበላ ሲሄድ በ1669 ሃያ የነሐስ ሰሌዳ ተሠራ። አብዛኞቹ ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም አሉ። ፎቶግራፋቸውን አየሁ። ከእግር ብዛት የማርያም ፊት ልሙጥ ሆኗል፤ ዓይንና አፍንጫ አይለይም። በአገራችንም ፊታቸው እንዲሁ የሳሳ ሥዕላት አሉ፤ የእኛዎቹ ግን የሳሱት ከመሳለም ብዛት ነው።

ረግጠው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ስውር ክርስቲያኖች ኮንቺሪሳን የሚሉትን የንስሐ ጸሎት ይደግሙ ነበር። በማግስቱ ዓሣቸውን ያጠምዳሉ፣ ሩዛቸውን ያጭዳሉ፤ ለዓመቱ ደግሞ ይረግጣሉ፣ ደግሞ ንስሐ ይገባሉ። ይህን ሁለት ልብ መሆን ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን ሰማዕት መሆን የማይችል ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ አንድ ቄስ ኖሩ። ሕፃናቱን የሚያጠምቀው በመንደሩ የተመረጠ ገበሬ ወይም ዓሣ አጥማጅ ነው። ጸሎታቸውን ኦራሾ ይሉታል፤ የላቲንና የፖርቱጋል ቃላት በጃፓን አፍ እየተንከባለሉ ኖረው በመጨረሻ ትርጉማቸው የጠፋባቸው ናቸው። በዚህ የሚስቅ የእኛ ተማሪ ካለ በግዕዝ ውዳሴ ማርያም የምትደግመውን እናቱን «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃት፤ ወይም፣ ከእኔ ይማርና፣ አይጠይቃት።

ሥዕልስ? አንዳንዶቹ የቡድሃ ሃይማኖት የምሕረት እመቤት የሆነችውን ካኖንን፣ ልጅ የታቀፈችውን የነጭ ሸክላ ሐውልት፣ ገዝተው አስቀመጡ። ሹም ሲገባ ካኖን ናት፤ ሹም ሲወጣ ማርያም ናት። በኢኪትሱኪ ደሴት ያሉት ደግሞ ሥዕል ይሥሉ ነበር። በዚያ ማርያም ኪሞኖ ለብሳለች፤ መጥምቁ ዮሐንስም ጠጉሩን እንደ ጃፓን ሰው ከላይ ቋጥሯል። ሥዕሉ ሲያረጅ አዲስ ይገለበጥና «ታጠበ» ይባላል። የሚቀመጠውም በጓዳ ውስጥ ስለ ሆነ ስሙ «የጓዳ አምላክ» ነው፤ የሚገለጠው ባዕድ ሰው በሌለበት ነው።

ከዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ባዕድ ሰው በሌለበት። የከብቱን ኮቴ፣ የእኔን ኮቴ፣ እፍ የተባለውን ጧፍ አሰብሁ። የናጋሳኪው ሹም ቢያንስ ደመወዝ ይከፈለው ነበር።

አባቶቻችን ስለ ጃፓን ብዙ አስበዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው በ1946 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም ምሳሌው የጃፓን ነበር። ፋብሪካቸውን፣ መርከባቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን ተመኘን፤ ምኞቱም ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ከጃፓን ጋር ከሁሉ በላይ የሚያዛምደን ነገር በራሳችን መደብ ራስጌ ተለጥፎ ሳለ ልብ ያለው ጥቂት ይመስለኛል።

ዝምድናው እንዲህ ነው። በሮማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል የኢየሱሳውያን አለቃ ፍራንሲስ ቦርጂያ በ1569 በጳጳሱ ፈቃድ አስገለበጠ፤ ቅጂዎቿም በማኅበሩ ሰዎች እጅ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ጃፓን፣ ወደ እኛም አገር መጡ። ፔድሮ ፓኤዝ የገባው በ1603 ነው። በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው እርሱ ነው፤ ግሽ ከእኛ ከማንኩሳ ሩቅ አይደለም። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን ገለጡ፤ እጅግ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የአባቶች ሃይማኖት ተመለሰ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። እንግዲህ እኛና ጃፓን በጥቂት ዓመታት ልዩነት በራችንን ዘጋን፤ የዘጋነውም በአንድ ማኅበር ሰዎች ላይ ነው።

ልዩነቱ በሥዕሏ ላይ ነው። የጃፓን ገዢዎች ሰዎቹንም ሥዕሏንም አባረሩ። የእኛ ግን ሰዎቹን ሸኝተው ሥዕሏን አስቀሩ። እንዲያውም በጎንደር ዘመን ከሁሉ አብልጠው የሣሉት ይህችኑ ነው። ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው አቆሙላት፤ ዓይኗን አሰፉ፤ ከእግሯም ሥር ሥዕሉን ያሣለው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ እንዲታይ አደረጉ። ሥዕለ ማርያምን መውደድ ኢየሱሳውያን አላስተማሩንም፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከእነርሱ መምጣት ከመቶ ዓመት በፊት፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ስሙን ጽፎባት የሣላት ማርያም በጣና ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ነበረች። ቤቱ ተሠርቶ ስለ ቆየ እንግዳዪቱ ስትመጣ ማረፊያ አላጣችም፤ ትንሽ ቆይታም ባለቤት ሆነች።

ለእማሆይ የነገርኋቸው ነገር ስሕተት አልነበረም። ግን ግማሽ ነበር። ያን ጊዜ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር አገኝ ነበር፦ የሮማ ሰዎችም ያችን የሳንታ ማርያ ማጆሬን ሥዕል «ሉቃስ የሣላት ናት» ይላሉ። አያቴ ከሮማ ጋር በአንድ ቃል ሲናገሩ እኔ በመካከል ገብቼ አስተባበልሁ!

እንዶ ሹሳኩ የሚባል ጃፓናዊ ደራሲ አለ። በልጅነቱ በእናቱ ፈቃድ ተጠምቆ ካቶሊክ ሆነ፤ በኋላም እምነቱ እናቱ እንዳለበሰችው፣ ግን በልኩ እንዳልተሰፋ የፈረንጅ ልብስ ይከብደው እንደ ነበር ጽፏል። «ዝምታ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አንድ የካደ ቄስ ጃፓን የክርስትና ችግኝ ሥሩ የሚበሰብስባት ረግረግ መሆኗን ይናገራል። መጽሐፉ የወጣው በ1966፣ በእኛ 1958 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጣበት ዓመት ማለት ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። ለእንዶ ክርስትና ልብስ ነው፤ ይጠበዋል፣ ይሰፋዋል፣ ሊያወልቀው ያስባል። የማንኩሳው በዛብህ ግን ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፤ ለእርሱ ልብሱ ሳይሆን ቆዳው ነው። ቆዳውን ሊገፍ ቢነሣ የሚደማው ራሱ ነው። እኛ የጊቢ ተማሪዎች ከሁለቱ በየትኛው ነን? አንዳንድ ቀን እንዶን፣ አንዳንድ ቀን በዛብህን የሆንሁ ይመስለኛል፤ ፈተና ሲቃረብ ግን ሁላችንም በዛብህን እንሆናለን።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1865 በናጋሳኪ የፈረንሳይ ቄሶች አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ሳለ ጥቂት ገበሬዎች መጥተው ከመካከላቸው አንዲት ሴት ቄሱን በሹክሹክታ ያስቀደመችው ጥያቄ «የሳንታ ማርያ ሐውልት ወዴት ነው?» የሚል ነበር። ክልከላው በ1873 ሲነሣ ብዙዎቹ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ሌሎች ግን አልገቡም። ቄስ መጥቶ «የእናንተ ጸሎት ተበላሽቷል፣ ሥዕላችሁም ልክ አይደለም» ቢላቸው የአባቶቻቸውን የጓዳ ሥዕል መተው አልሆነላቸውም። ቄሱ ዕውቀት ነበረው። እኔም ነበረኝ።

ባለፈው ፍልሰታ አገሬ ገባሁ። አንድ ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን ሳለ ስለ ጃፓኖቹ ለእማሆይ ነገርኋቸው፤ ስለ ሮማና ስለ ሉቃስ ግን አላነሣሁም። ፈትላቸውን ይዘው ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

«ቄስ የለ፣ ቁርባን የለ?»

«የለም፣ እማሆይ።»

«ታዲያ ማን አጠመቃቸው?»

«ገበሬው።»

እንዝርቱ ቆመ። «ለልጆቹስ ማን ነገራቸው?»

«እናት አባታቸው፤ በጓዳ ውስጥ።»

ለብዙ ጊዜ አልተናገሩም። ተቈጡ ወይም አላመኑኝም ብዬ ነበር። ቀጥለውም «ከተሰቀሉት የአንዱን እንኳ ስም ታውቃለህ?» አሉኝ። ከሃያ ስድስቱ አንዱ ጳውሎስ ሚኪ ይባል ነበርና «ጳውሎስ» አልኋቸው።

«የክርስትና ስሙ ነው?»

«አዎን።»

«ጳውሎስ» ብለው ደገሙት፤ ለጸሎታቸው እንደሚይዙት ገባኝ። ካቶሊክ መሆኑን፣ እንዲያውም ሥዕሉን ካመጡት ከእነዚያው ከኢየሱሳውያን ወገን መሆኑን አልነገርኋቸውም። በአንደኛ ዓመቴ ቢሆን ሳልነግራቸው አላድርም ነበር። ዝም ያልሁት አክብሬአቸው ይሁን ወይስ መጋረጃውን ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«በል ተነሥ፣ ያን ነጠላ ግለጠው፤ ጧፉንም ለኩስ» አሉኝ። ተነሣሁ። ሐሙስ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ሆነ በሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ዘለልሁ፤ እማሆይ አረሙኝ።